ለውጭ ዩኒቨርሲቲ ቃለ መጠይቅ ማሠልጠኛ 48 ሺህ ብር ልክፈል ወይስ የጀልባዬን ሞተር ላሠራ?

ባለጀልባው
እሑድ ጥር 4 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት፣ እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ እዚህ አነባለሁ እንጂ ብዙም አልጽፍም። ዛሬ ጨንቆኝ ነው።

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ደሴት ገዳማቱ ሰው የማመላልስ ባለጀልባ ነኝ። ሥራው እንዴት እንደቀዘቀዘ የምታውቁት ነው፤ ፈረንጅ ከጠፋ ስንት ጊዜው። ትልቋ ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። ዳታ ከተከፈተ ወዲህ ሌሊት ሌሊት እየተነሣች ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ ስትሞላ ከረመች። ባለፈው ሐሙስ ከአንዱ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሰው «በዙም ላነጋግርሽ እፈልጋለሁ» ብሎ ኢሜይል ላከላት። እናቷ ወዲያው ለጊዮርጊስ ተሳለች።

በማግስቱ አንድ ዘመድ ወሬውን ሰምቶ ወደ አንድ ማሠልጠኛ ቢሮ ወሰደን። ስምንት ክፍለ ጊዜ 48 ሺህ ብር፣ ግማሹ ቅድሚያ። «ሳይሠለጥን የገባ ልጅ የለም» አሉኝ። ለሞተር ያስቀመጥኳት ብር አለችኝ። ሞተሩ ከኅዳር ጀምሮ መሐል ሐይቅ ላይ እየጠፋ ያስቸግረኛል፤ ሁለት ጊዜ በመቅዘፊያ ነው የወጣሁት።

ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ሥልጠናው ይጠቅማል ወይ? የከፈለ፣ ያሠለጠነ ወይም ራሱ ተጠይቆ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። እኔ ከ8ኛ ክፍል አላለፍኩም። በማላውቀው ነገር ልጄን መጉዳት ፈራሁ።

ሦስት እግር
ጥር 4፣ 2፡25

48 ሺህ!! ጋሼ፣ በዚህ ብር እኮ ሦስት ኩንታል ጤፍ ቤት ይገባል። ልጅቷን ለእኔ ይስጡኝ፣ ከፔዳ እስከ ዓባይ ማዶ በባጃጅ እያዞርኩ በእንግሊዝኛ አደርቃታለሁ። ክፍያው ነዳጅ ብቻ።

(ቀልዴን ነው። እንኳን ደስ አለዎት።)

ፔዳ ግቢ
ጥር 4፣ 3፡02

ባለጀልባው፣ እንኳን ደስ አለዎት። እባክዎ ዛሬ ማታ ለማንም ቅድሚያ አይክፈሉ።

ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ፤ ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት ውጭ ነው፤ ተማሪዎቼም ሲያመለክቱ ከጎናቸው ቆሜያለሁ። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ኤምአይቲና የመሳሰሉት ይህን ቃለ መጠይቅ የሚያስደርጉት በአብዛኛው ከዚያው ተመርቀው በወጡ በጎ ፈቃደኞች ነው። ሐኪም ሊሆን ይችላል፣ መሐንዲስ ሊሆን ይችላል፤ ከሥራው ሰዓት ቆርሶ ነው የሚያነጋግራት። ማመልከቻዋን አላነበበም፤ ውጤቷንም አያውቅም። ስሟንና አድራሻዋን ይዞ ይመጣል፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ያወራሉ፣ ከዚያ «ያነጋገርኳት ልጅ እንዲህ ያለች ናት» የሚል አጭር ሪፖርት ይልካል። ሪፖርቱ ከትራንስክሪፕቷ፣ ከድርሰቷና ከመምህራኖቿ ደብዳቤ ጋር ተደምሮ ይታያል። ብቻውን አያስገባም፤ ልጅቷ ካልተሳደበች በቀርም ብቻውን አይጥልም።

ጠያቂ ባልተገኘበት አካባቢ ያለ አመልካች ደግሞ ቃለ መጠይቅ ሳያደርግ ይገመገማል፤ ኤምአይቲ በዚህ ማንም እንደማይጎዳ በግልጽ ጽፎታል። ኮሎምቢያ እንዲያውም ይህን የቀድሞ ተማሪዎች ቃለ መጠይቅ ጭራሹን ትቶታል። «ሳይሠለጥን የገባ የለም» ያለዎት ሰው እንግዲህ ወይ ነገሩን አያውቀውም፣ ወይ እያወቀ ነው ያለው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከብር ጋር ስለሚያያዝ። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት ከውጭ የመጣ ተማሪን ሲቀበሉ የቤተሰቡን የመክፈል አቅም ለውሳኔ አይቆጥሩትም፤ ከተቀበሉት የጎደለውን ይሸፍናሉ። የማመልከቻ ክፍያም አቅም ለሌለው ይነሣል። ሁሉም ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም፤ የተጠራችበትን ድረ ገጽ ራሷ ትይ። ብር የሚያስፈልገው በሌላ በኩል ነው። ኤስኤቲ (የአሜሪካኖቹን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና) የሚወስድ ልጅ ከዚህ አዲስ አበባ መሄድ አለበት፤ መንገዱ እንደምታውቁት ስለሆነ በአውሮፕላን። ለቃለ መጠይቅ ማሠልጠኛ ብር የሚበትን ሰው ፈተና ሲደርስ ይጎድልበታል።

የሽምብጥ ልጅ ለንደን
ጥር 4፣ 4፡40

የእንግሊዙን እኔ ልጻፍ፤ ብዙ ሰው ሁለቱን እያምታታ ነው አሠልጣኝ ቤት የሚገባው።

ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ላይ የሚጠይቁሽ (ልጅቷ ታነባለች ብዬ ነው «ሽ» ያልኩት) ብትገቢ የሚያስተምሩሽ መምህራን ናቸው። ስለ ራስሽ ወሬ የለም፤ ትምህርት ነው። ሒሳብ ካመለከትሽ ግራፍ ሣይ ትባያለሽ። ኦክስፎርድ ራሱ ካወጣቸው የባዮሎጂ ናሙና ጥያቄዎች አንዱ «ብዙ እንስሳት ለምን ባለ መስመር ሆኑ?» ይላል። መልሱን እንድታውቂ አይጠብቁም፤ ስለ ሜዳ አህያ እየተናገርሽ አእምሮሽ እንዴት እንደሚሄድ ነው የሚያዩት። እነዚህ ናሙናዎችና የማሳያ ቪዲዮዎች በሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች ድረ ገጽ በነጻ አሉ። እዚህ አገር ግን ያንኑ በሺህ ፓውንድ የሚሸጡ ድርጅቶች ሞልተዋል፤ ገዢም አያጡም።

ማመልከቻው በእኛ ጥቅምት 5 ይዘጋል፣ ቃለ መጠይቁ በነሱ ዲሴምበር ነው፤ ስለዚህ ለዘንድሮ አልፏል። በአንድ ዓመት ለሁለቱም ማመልከት አይቻልም። የኛ የ12ኛ መልቀቂያ ብቻውንም አይበቃቸውም፤ ኤ ሌቭል (የእንግሊዞቹን የመልቀቂያ ፈተና) ወይም ተመጣጣኙን ይፈልጋሉ። ከባሕር ዳር ቀጥታ ኦክስፎርድ እናስገባለን የሚል ካገኛችሁ ይህን አንድ ጥያቄ ጠይቁትና ፊቱን እዩ።

የፎገራዋ
ሰኞ ጥር 5፣ ከጠዋቱ 1፡15

እኔ ከፍዬ አውቃለሁ። የቢሮውን ስም አልጠራም፣ ባሕር ዳርም አይደለም።

ቤታችን እዚህ ነው፣ አያቶቼ ግን ፎገራ ናቸው፤ ሩዝ ያመርታሉ፣ ሐይቁ ሲሸሽ ባሕር ሸሹን ያርሳሉ። አሠልጣኙ 30 ጥያቄና 30 መልስ ያለበት ወረቀት ሰጠኝ። «ድክመትሽ ምንድን ነው?» ሲሉ «ነገር ሁሉ ፍጹም ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም» በይ። «የምታደንቂው ሰው?» ሲሉ ኔልሰን ማንዴላ። እንደ ውዳሴ ማርያም ሸመደድኩት። ሌሊት እህቴ ጥያቄውን ስትጀምርልኝ በእንቅልፌ እጨርሰው ነበር።

ዙም ላይ የቀረበችው ሴትዮ ደግ ነበረች። ሁለት ደቂቃ አዳመጠችኝና አቋረጠችኝ። «ይቅርታ፣ አያቶችሽ ጣና ዳር ነው ያሉት አልሽ፤ እምቦጭ ነገ ጠዋት ከሐይቁ ድራሹ ቢጠፋ የሚጎዳ ሰው ይኖራል?» አለችኝ። ወረቀቱ ላይ የለም። እምቦጭ ጠላት ነው፣ በቃ፤ ዘመቻ የተዘመተበት አረም። ዝም አልኩ። ከዚያ ወደ ማንዴላ ተመለስኩ። እውነቴን ነው፣ ስለ እምቦጭ ጠይቃኝ ስለ ማንዴላ መለስኩላት።

አልገባሁም። በሱ ምክንያት ነው አልልም፤ ሌላውም ነገሬ ደካማ ነበር። ግን ካሜራው ከተዘጋ በኋላ መልሱ መጣልኝ። በእጅ አረም ለማውጣት በቀን ሒሳብ ይከፈላቸው የነበሩ የሠፈራችን ልጆች አሉ። ሣር ሲጠፋ እምቦጩን አጭዶ ለከብት የሚሰጥ አጎት አለኝ፤ ከብቶቹ ይታመማሉ አይታመሙም እያለ ከሚስቱ ጋር የሚጨቃጨቀውን ስሰማ ነው ያደግኩት። ይህንን ብነግራት ኖሮ አንድ ሰዓቱ አይበቃንም ነበር።

አሠልጣኝ ነኝ አትስደቡኝ
ጥር 5፣ ከጠዋቱ 3፡30

በዚህ ሥራ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ፤ በቅድሚያ ልናገር። ባለጀልባው የሄዱበት ቢሮ አይደለሁም፤ እኔ በክፍለ ጊዜ 1,500 ብር ነው የማስከፍለው።

የፎገራዋ እህቴ የነገረችን ማሠልጠን አይባልም፣ ማስሸምደድ ነው። በዚህ እስማማለሁ። ግን ፔዳ ግቢ «ሁሉ በነጻ አለ» የሚል ነገር ያመጣብኛል ብዬ ስለፈራሁ ቀድሜ ልመልስ። አዲስ አበባ ባለ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ለዚሁ ሥራ የተቀጠረ አማካሪ አለው። ቁርስ ላይ ከአባቱ ጋር በእንግሊዝኛ ይከራከራል። ከፈረንጅ አስተማሪ ጋር «አልስማማም» ብሎ አድጓል። የእኛ ልጅ በ17 ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከማያውቀው ትልቅ ሰው ጋር ለአንድ ሰዓት በሌላ ቋንቋ ሲያወራ ያ ቀን የቃለ መጠይቁ ቀን ነው። ያኛው ልጅ የተከፈለለት ገና ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ነው። ታዲያ የኛው ልጅ አሥር ሰዓት ሲከፈልለት ነው «አይረባም» የሚባለው?

እኔ የማደርገው ይህ ነው፤ አነጋግረዋለሁ፣ በስልክ እቀዳለሁ፣ መልሼ አሰማዋለሁ። «እ... እ...» እያለ ስንት ጊዜ እንደቆመ ራሱ ይሰማል። ሦስተኛው ቀን ላይ ሌላ ልጅ ነው። መልስ አልሰጥም።

ሦስት እግር
ጥር 5፣ 3፡41

መምህር፣ ካልገባስ ብሩ ይመለሳል?

አሠልጣኝ ነኝ አትስደቡኝ
ጥር 5፣ 3፡50

አንተ ተሳፋሪህ የሄደበት ቢሮ ጉዳዩ ካልተፈጸመለት ብሩን ትመልሳለህ?

ሦስት እግር
ጥር 5፣ 3፡52

ኧረ ተሸነፍኩ!

እናት ከቀበሌ 14
ጥር 5፣ 7፡20

እኔ ከፍያለሁ፣ አልቆጨኝምም። ልጄ ዓይናፋር ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይገባ ነበር። አባቱም እንደዚያው ነው፣ ምን ይደረግ። ስድስት ቀን ከአንድ ወጣት አሠልጣኝ ጋር ተቀምጦ አወራ። የተናገሩትን አላውቅም፣ እንግሊዝኛ አልሰማም፤ ግን በስድስተኛው ቀን ከበር ውጭ ሆኜ ሲስቅ ሰማሁት። ልጄ ከማያውቀው ሰው ጋር ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ቃለ መጠይቁን አልፎ አሁን ውጭ ይማራል። ሳልከፍልም ያልፍ እንደነበር የሚነግረኝ ሰው ካለ ይንገረኝ፣ ማንም ሊያውቅ አይችልም። 48 ሺህ ግን ዘረፋ ነው። እኔ የዚያን ሩብ ነው የከፈልኩት።

ቾክ በእጁ
ጥር 5፣ ከምሽቱ 1፡05

ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ 26 ዓመቴ ነው በዚህ ሥራ፣ ሁሉም በመንግሥት ትምህርት ቤት።

አሠልጣኙ ልክ ነው፤ ችግሩ የእንግሊዝኛ አይደለም። አማርኛም ላይ አለ። ክፍሌ ውስጥ 60 ልጅ አለ። «ገባችሁ?» ስል በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላሉ። «ማን ያስረዳኛል?» ስል 60ውም ደብተሩን ያያል። ቤት ውስጥ ትልቅ ሰው ሲያወራ ጣልቃ አይገባም፣ ዓይን ዓይኑን አይታይም፤ ይህ ጨዋነት ነው፣ አልነቅፈውም። ፈተናውስ? ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። በጥቅምት 2015 በየዩኒቨርሲቲው ግቢ የተሰጠውን የ12ኛ ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ እኛ መምህራን ይበልጥ ወደ ማጥበብ ሄድን፣ አጭር መንገድ፣ ያለፉ ፈተናዎች፣ መልስ ማክበብ። «ለምን መሰለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ጊዜ የለውም። እኔም የለኝም ነበር፣ ልዋሽ አልችልም።

ስለዚህ ባለጀልባው፣ ልጅዎ የሚያስፈልጋት ሰው ነው። የማያውቃት፣ የሚያቋርጣት፣ «እሱን አልገባኝም፣ እንደገና» የሚላት። እኔ በነጻ እመጣለሁ። ቅዳሜ ከተራ ነው፣ እሑድ ጥምቀት፣ ሰኞ ቃና ዘገሊላ፣ ማንም አይገኝም። ረቡዕና ዓርብ ከ10 ሰዓት በኋላ አንድ ክፍል ቁልፉ እኔ ጋ አለ። ሌላም የተጠራ ልጅ ካለ ይምጣ። ፔዳ ግቢ፣ አንተም ና፤ የኔ እንግሊዝኛ የፊዚክስ መጽሐፍ እንግሊዝኛ ነው፣ ከ«ኔት ፎርስ» አይዘልም።

ፔዳ ግቢ
ጥር 5፣ 1፡30

እመጣለሁ ጋሼ። አሠልጣኙም ይምጣ፤ ለአንድ ቀን በነጻ፣ ማስታወቂያ ይሆነዋል።

አሠልጣኝ ነኝ አትስደቡኝ
ጥር 5፣ 1፡44

ዓርብን እኔ ልያዝ።

ሰዓት ያሳታት
ጥር 5፣ 2፡30

ማንም ያላነሣው ነገር አለ፤ ዋናው እሱ ነው ብል አትሳቁ።

የአክስቴ ልጅ አምና ተጠርታ ነበር። ኢሜይሉ «3፡00 ፒኤም በኢትዮጵያ ሰዓት» ይላል። እሷ አነበበች፣ «ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ ጥሩ፣ ጸጥ ይላል» አለች። በዕለቱ ፀጉሯን ተሠራች፣ ራቷን በላች፣ 2፡50 ላይ ዙም ከፈተች። ሰውዬው የጠበቃት በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነበር፤ ስድስት ሰዓት ሙሉ አለፈ። አለቀሰች። ደብዳቤ ጻፈችና በሌላ ቀን አነጋገራት፣ ጥሩ ሰው ስለነበረ። የከፈለችበት አሠልጣኝ ስለ ፈገግታ አንድ ሙሉ ቀን አስተምሯታል፤ ስለ ሰዓት አቆጣጠር አንድ ቃል አልተነፈሰም። ቀኑንም በሁለቱም ካሌንደር ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ።

ሲም ሁለት
ጥር 5፣ 2፡48

በዚያው እኔ ልቀጥል። መብራት ይጠፋል፣ ዋይፋይ አብሮ ይጠፋል። አንድ ሰዓት ዙም በቪዲዮ ከግማሽ ጊጋ በላይ ዳታ ሊበላ ይችላል፤ ስልኩ ላይ ፓኬጅ ቀድማችሁ ግዙ፣ ቻርጁን ሙሉ፣ ዙሙን ስልኩም ላይ ጫኑት። ከሁሉ በፊት ደግሞ ለጠያቂው «እዚህ መብራት ሊቋረጥ ይችላል፣ ከጠፋሁ በአምስት ደቂቃ በስልክ እመለሳለሁ» ብላችሁ ቀድማችሁ ጻፉ። ማፈር የለም። እንዲያውም አስቀድሞ ያሰበ ልጅ ያስመስላል። ያስመስላል ብቻም አይደለም፣ ነው እንጂ።

ወደቡ ላይ
ጥር 5፣ ከምሽቱ 4፡15

አባዬ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ሲተኛ ይህንን አገኘሁት። ልጅቷ እኔ ነኝ 🙈

አባዬ ያልነገራችሁ አለ። ቢሮው ውስጥ «ምን ትሠሪያለሽ ከትምህርት ውጭ?» ሲሉኝ ስለ ግንዱ ነገርኳቸው። ጀልባችን የሚታሰርበት ውኃ ውስጥ የቆመ ግንድ አለ፤ አባዬ ድሮ ሐይቁ የደረሰበትን በቢላዋ ይጭርበት ነበር። ነሐሴ 2015 ዳታ ሲዘጋ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም፤ ቲክቶክ የለ፣ ቴሌግራም የለ። የእማዬን የልብስ ስፌት ሜትር ይዤ እሑድ እሑድ ጠዋት መለካት ጀመርኩ። 17 ወር ሆነኝ። ያመለጡኝ ሳምንታት አሉ፣ ከቤት መውጣት የማይቻልባቸው፤ እነሱን ባዶ ነው የተውኳቸው። ከከፍታው እስከ ዝቅታው አንድ ሜትር ተኩል ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። የገረመኝ ግን ዝናቡ የሚበረታው ሐምሌና ነሐሴ ሆኖ ሐይቁ ከፍ የሚለው መስከረም ላይ መሆኑ ነው። አባዬን ስጠይቀው «ርብና ጉማራ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ገና እያመጡ ነዋ» አለኝ። ከዚያ ደግሞ በጨረጨራ በር ወደ ዓባይ ስንት እንደሚለቀቅና በዋሻው ወደ በለስ ኃይል ማመንጫ ስንት እንደሚሄድ ማወቅ ፈለግኩ፤ እሱን በልብስ ሜትር መለካት አይቻልም።

ሰውየው ሰማኝና «ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ ጣናን የሚታደግ የወጣቶች ማኅበር መሥርቻለሁ በይ፣ 200 አባላት አሉት በይ» አለኝ። አባዬ የሰማ አይመስለኝም፣ ደረሰኝ እያየ ነበር።

ማኅበር የለኝም። ደብተር ነው ያለኝ።

ባለጀልባው
ማክሰኞ ጥር 6፣ ከጠዋቱ 12፡40

አልሰማሁም ነበር። እግዜር ያውቃል አልሰማሁም።

አሠልጣኝ ነኝ አትስደቡኝ
ጥር 6፣ ከጠዋቱ 2፡05

እኅቴ፣ 200 አባላት ካልሽ ቀጣዩ ጥያቄ «የመጨረሻ ስብሰባችሁ ላይ በምን ተጨቃጨቃችሁ?» ነው። እዚያ ላይ ታልቂያለሽ። ማመልከቻሽ ላይም ስለ ማኅበር የጻፍሽው ከሌለ ሪፖርቱና ፋይሉ ይጋጫሉ። ይህንን ምክር የሰጠሽ ሰው ሙያዬን አሰድቦታል።

ደብተሩን ዓርብ ይዘሽ ነይ።

የፎገራዋ
ጥር 6፣ 2፡30

እኔ ይህን ደብተር ቢኖረኝ ማንዴላን ምን አደርገዋለሁ።

ቾክ በእጁ
ዓርብ ጥር 9፣ ከምሽቱ 2፡20

አራት ልጆች መጡ። የመጀመሪያው ቀን አስቸጋሪ ነበር፤ አንዱ «ስለ ራስህ ንገረኝ» ሲባል ሙሉ ስሙን ከነአያቱ ነግሮን ተቀመጠ። ዛሬ የባለጀልባው ልጅ ስለ ግንዱ ስትናገር አሠልጣኙ ሦስት ጊዜ አቋረጣት። በሦስተኛው «ቆይ ልጨርስ» አለችው፣ በእንግሊዝኛ፣ ከዚያ ራሷ ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች። ሁላችንም አጨበጨብን።

አሠልጣኙ የእጅ ሥራ እንዳለው አልክድም። እኔ ሊቅ መሆኔን ላሳይ እያልኩ መልሱን ቀድሜ እናገርባቸዋለሁ፤ የአስተማሪ በሽታ። እሱ ዝም ማለት ይችላል።

መልካም ከተራ።

ባለጀልባው
ሐሙስ ጥር 15፣ ከምሽቱ 4፡30

ዛሬ ተጠየቀች። ከምሽቱ 1 ሰዓት ነበር፤ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጥፈናል፣ እግዜር ይስጥልን። እኔና እናቷ ጓዳ ገብተን መጋረጃ ዘጋን። ታናሽ ወንድሟን ጎረቤት ሰደድነው።

ቋንቋው ባይገባኝም ድምፅ ይገባኛል። መጀመሪያ ላይ ቶሎ ቶሎ ትናገር ነበር። ከዚያ ሰውየው አንድ ነገር ጠየቃትና ጸጥ አለች። እናቷ እጄን ጨመቀችው። ያ ዝምታ እንዴት ይረዝማል ጎበዝ! በዚያው መሐል መብራት ድርግም። ልቤ ወደቀ። እሷ ግን ከጨለማው ውስጥ «አይዟችሁ፣ ስልኩን ነው የማነሣው» አለችንና ቀጠለች፣ በድምፅ ብቻ። ከዚያ በኋላ ሃያ ደቂቃ አወሩ። ሁለት ጊዜ ሰውየው ሲስቅ ሰማሁ።

ሲያልቅ ምን ብሎሽ ነው ዝም ያልሽው ስላት እንዲህ አለችኝ፤ «ግንዱ ራሱ ወደ ጭቃው እየሰጠመ አለመሆኑን በምን አወቅሽ?» ብሏት ነው። በ17 ወር አንድ ቀን አስባው አታውቅም። እኔም ያንን ግንድ በእጄ ያቆምኩት ሰው አስቤው አላውቅም። «አላውቅም፤ ግን ከወደቡ የድንጋይ ደረጃ ላይ ሌላ ምልክት አድርጌ ሁለቱን ባስተያይ ይታወቃል፤ ድንጋዩ ቢሰጥምም እንደ ግንዱ አይፈጥንም» አለችው።

የከፈልኩት፣ ለአሠልጣኙ ሁለት ተጨማሪ ቀን፣ 3,000 ብር። አልቀበልም ብሎ ነበር፣ እናቷ ኪሱ ከተተችበት። ሌላ አልከፈልኩም።

ፔዳ ግቢ
ጥር 15፣ 4፡50

አጭር የምስጋና ኢሜይል ነገ ትላክ፣ ሦስት መስመር፣ ከዚያ በላይ አይሁን። ውጤቱ በነሱ ማርች ነው፤ እስከዚያ ስልኳን ቀሟትና የ12ኛ ፈተናዋን ታጥና።

እናት ከቀበሌ 14
ጥር 15፣ 5፡02

እሰይ! መጋረጃ ውስጥ መቆሙን እኔ አውቀዋለሁ።

ሦስት እግር
ዓርብ ጥር 16፣ ከጠዋቱ 1፡10

ጋሼ ሞተሩስ?

ባለጀልባው
ጥር 16፣ 1፡35

ዛሬ መካኒኩ ጋ ነው። ጋሽ ቾክ ልጆቹን ሰብስቦ ዘጌ ድረስ እንሂድ ብሏል፤ በመንገድ ላይ አንድ ቃል አማርኛ የለም ይላል። ልጄም ከደረጃው ድንጋይ ላይ ምልክት አድርጌያለሁ ብላ ከማለዳው መጥታ አሳየችኝ፣ በጥፍር ቀለም፣ ቀይ። ነዳጁን ተካፈሉኝ እንጂ ጀልባው በነጻ ነው።

ሦስት እግር
ጥር 16፣ 1፡37

ሞተሩ መሐል ላይ ከጠፋ መቅዘፊያውን በእንግሊዝኛ ምን ይሉታል?